የባለ ስልሳ ቆርቆሮ ቤት ሒሳብ

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚያልፈው መንገድ፣ የሐይቅን ከተማ ትንሽ አለፍ እንዳሉ በሚገኙት የገጠር መንደሮች ቤት የሚጠራው በጣራው ነው። የፈጀው ቆርቆሮ ተቆጥሮ ባለ አርባ፣ ባለ ስልሳ፣ ባለ መቶ ይባላል። እገሌ ስንት አለው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ቀና ብሎ ጣራ ማየት ግን ማንንም አያስቀይምም። ጠዋት ፀሐይ ወጣ ስትል አስፋልቱ ዳር ቆሞ የማን ልጅ ዓረብ አገር እንዳለች መቁጠር ይቻላል። አዲሱ ቆርቆሮ ዓይን ይወጋል፣ የቆየው ደብዝዟል፣ ከሣር ክዳኑ ላይ የሚታየው ጭሱ ብቻ ነው።

ቡና የጠራችኝ ሴት ቤት ባለ ስልሳ ነው። ሁለት ጊዜ ሳዑዲ ሄዳ ተመልሳለች። ሒሳቧን የያዘችው በልጇ ደብተር ላይ ነው፤ ከፊት የልጁ ማባዛት፣ ከኋላ የእናትየው ሪያል። የመጀመሪያው ጉዞ አሥራ አንድ ወር ለዕዳ ሄደ፤ ከአጎቷና ከአንድ አራጣ አበዳሪ የወሰደችው ነበር። ቀጥሎ ቆርቆሮው። ቀጥሎ የወንድሟ ባጃጅ ቀብድ። በሁለተኛው ጉዞ የእናቷ ሕክምና፣ የግድግዳው ልስን፣ አንዲት ጥገት ላም። ከዚያ በታች አሥምራ ባዶውን ትታዋለች። ምን ሊጻፍበት ነው ብላት "የሦስተኛው ነዋ!" አለችኝ፣ ነገር የማይገባው ሰው እንደሚታይ እያየችኝ።

"ለምን ትሄዳላችሁ?" የሚል ጥያቄ ይዤ ነበር የሄድኩት። ደብተሩን ካየሁ በኋላ ጥያቄው አፍሮ ኪሴ ውስጥ ቀረ።

"ድህነት አሰደዳቸው" ስንል ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ዜናው እንዲህ ይጀምራል፣ የመሥሪያ ቤቱ መግለጫ እንዲህ ይጀምራል፣ የለጋሾች ሪፖርትም እንዲሁ። አባባሉ ውሸት አይደለም፤ ግን በአንድ እግሩ ነው የቆመው። ድህነት ብቻውን የሚያሰድድ ቢሆን መጀመሪያ ሰው አልባ የሚሆነው የሣር ክዳኑ ቤት ነበር። በዚያ መንደር የሰማሁት ተቃራኒውን ነው። ልጁን የላከው በሬ ሸጦ ሌላ በሬ የሚቀረው፣ ዋስ የሚሆን አጎት ያለው፣ ሪያድ ወይም ጅዳ ስልክ የሚደውልለት ቤት ነው። ምስኪኑ ቤት እንኳን ሪያድ ደሴም ለመድረስ የትራንስፖርት ይለምናል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። (ከዚህ በታች የውጭዎቹን ጥናቶችና ክንውኖች ዓመት በእነርሱ፣ የእኛን ጉዳይ በእኛው አቆጣጠር እጠራለሁ።) ትውልዱ ጀርመን፣ ኑሮው እንግሊዝ የነበረው ራቨንስታይን በ1885 የፍልሰት ሕጎች ያላቸውን ጽፎ ሲያቀርብ አብዛኛው ሰው ሩቅ እንደማይሄድ፣ በ1889 ባስከተለው ጽሑፍም ከሚገፉት ነገሮች ሁሉ ኑሮን የማሻሻል ፍላጎት እንደሚበልጥ ተናግሮ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ለረጅም ጊዜ ጉዳዩን የሚያዩት እንደ ሚዛን ነበር፤ እዚህ ያለው ደመወዝ በአንድ ወገን፣ እዚያ ያለው በሌላ ወገን፣ ያዘነበለበት ይኬዳል። ኬንያን ያጠናው ማይክል ቶዳሮ በ1969፣ ቀጥሎም ከጆን ሃሪስ ጋር በ1970፣ አንድ ነገር ጨመረበት። የገጠር ወጣት ሥራ አጥ ወደሞላበት ናይሮቢ የሚጎርፈው ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ የሚመዝነው ደመወዙን ብቻ ሳይሆን ደመወዙን የማግኘት ዕድሉንም ነው። አንዱ ከአምስት ቢያገኝም የሚገኘው የገጠሩን ስድስት እጥፍ ከሆነ መሄዱ ያዋጣል።

ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ግን ሒሳቡን የሚሠራው አንድ ሰው፣ ለራሱ ብቻ አድርጎ ነው የሚያየው። ወሎ ውስጥ ማን ለብቻው ይወስናል? በ1985 ኦዴድ ስታርክና ዴቪድ ብሉም የሠራተኛ ፍልሰት አዲሱ ኢኮኖሚክስ የተባለውን ሲያመጡ ሒሳቡን ከግለሰቡ ወደ ቤተሰቡ አዛወሩት። ገበሬው የሰብል መድን የለውም፤ ባንክ በቀላሉ አያበድረውም፤ ጡረታ የለውም። ስለዚህ ልጆቹን ይበትናል። አንዱ ሞፈር ይይዛል፣ አንዱ አዲስ አበባ ቀን ሥራ፣ አንዷ ሪያድ። ሐይቅ ላይ ዝናብ ሲቀር ሪያድ ላይ ደመወዝ አይቀርም። ልጅቱ መድንም ባንክም ጡረታም ናት። ስታርክ ሌላም ነገር አክሏል፤ ሰው የሚቆጨው ባጣው ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱ ባገኘው ጭምር ነው። ሁሉም ሣር ክዳን ሳለ ማንም ድሃ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ቆርቆሮ ያረፈ ዕለት ሃያ ቤት ደኸየ።

እኔ ይህን ትምህርት ከሌሎቹ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ደብተሩን ያነባልና። ግን አንድ ጉድለት አለበት፤ ቤተሰብን አንድ ልብ፣ አንድ ኪስ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። የባጃጁ ቀብድ የተጻፈበትን መስመር ልብ በሉልኝ። ሁለት ዓመት ሰው ቤት የሠራችው እርሷ ናት፤ ባጃጁ የወንድሟ ነው። ለምን ሴት ልጅ ትቀድማለች ብላችሁ መንደሩን ብትጠይቁ መልሱ ፈጣን ነው። የዓረብ አገር የቤት ሠራተኛ መንገድ ከወንዱ መንገድ ይረክሳል፣ ሥራው ወዲያው ይገኛል፣ ደግሞም "ሴት ትልካለች፣ ወንድ ይረሳል" ይባላል። ኬሪሊን ሼወል በዝዋይ አካባቢ ባጠናችው መንደር ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚሄዱት ሴቶች ምኞት ከገንዘብም ከፍ እንደሚል ጽፋለች፤ ከእርሻና ካለ ዕድሜ ጋብቻ የተለየ ሕይወት ያምራቸዋል። ሁለቱም እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። ቤቱ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ልጅቱ ሕይወት ትፈልጋለች፣ ለሁለቱም የተከፈተው በር ግን አንድ ነው።

ወደ ድህነቱ ልመለስ። በ1977ቱ ረሃብ የወሎና የትግራይ ሰው የት ሄደ? ወደ ኮረም፣ ወደ መቀሌ፣ ከትግራይ ደግሞ ብዙ ሺህ ሰው በእግሩ ሱዳን ገባ። እግር እስከቻለው ድረስ ማለት ነው። የከፋ ችግር ሰውን ያንቀሳቅሳል፤ ሩቅ ግን አያደርሰውም። ክላርክ ግሬይና ቫለሪ ሙለር የኢትዮጵያን ገጠር የዓመታት መረጃ መርምረው በ2012 ባወጡት ጥናት ድርቅ ሲበረታ ወንዶች ለሥራ መውጣታቸው ጨምሮ፣ ሴቶች በጋብቻ ወደ ሌላ ቀዬ መሄዳቸው ቀንሶ አግኝተውታል። ለሠርግ የሚሆን ገንዘብ ከየት ይምጣ! ያው ድርቅ አንዱን ሲያስወጣ ሌላዋን አስቀረ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ የባንግላዴሹ ጥናት ነው። ሰሜን ባንግላዴሽ ራንግፑር በተባለ አካባቢ በየዓመቱ ከመኸር በፊት የረሃብ ወር ነበር። ከተማ ሥራ ነበር፤ የአውቶቡስ ዋጋም ያን ያህል አልነበረም፤ ሰው ግን አይሄድም ነበር። ተመራማሪዎች ለአንዳንድ ቤተሰቦች 8 ዶላር ተኩል ያህል ብቻ ለመንገድ ሰጡ። ካልተሰጣቸው ይልቅ 22 በመቶ የሚሆን ተጨማሪ ቤተሰብ ሰው ላከ። ሰዎቹ የከተማው ሥራ እንደሚያዋጣ ጠፍቷቸው አልነበረም። ሞክረው ቢከስሩ ያቺ የመጨረሻዋ ሩዝ ትበላለች ብለው ነበር የቀሩት። (በኋላ ይህ በሰፊው ሲሞከር ውጤቱ አልተደገመም፤ ፕሮግራሙም በ2019 ተዘግቷል፤ ያም ሆኖ የመጀመሪያው ጥናት ለመክሰር አቅም የሌለው ለመሞከርም አቅም እንደሌለው አሳይቷል።)

እኛ ጋ ይህ የመሞከር አቅም ነገር በሦስት በሮች ይታያል።

የመጀመሪያው በር ዲቪ፣ የአሜሪካው የቪዛ ዕጣ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ወይም የታወቀ ሙያ ያለው ይሞላ ነበር፣ ዕጣ ነውና ድሃ ከሀብታም አይለይም። የሚለየው ከደረሰ በኋላ ነው። የቪዛው ክፍያ ብቻ በነፍስ ወከፍ 330 ዶላር ነበር፤ የጤና ምርመራውና የአውሮፕላኑ ትኬት ይከተሉ ነበር። ስለዚህ ዲቪ የደረሰው ድሃ ገንዘብ ካላት ጋር በወረቀት ሲጋባ፣ አንዱ ዕድሉን ሌላው ብሩን ይዞ አብረው ሲሄዱ ኖረዋል። ሕጉ ማጭበርበር ይለዋል፤ ሰፈሩ መረዳዳት። ዕጣው ፍትሐዊ ቢሆንም መሳፈሪያው ገንዘብ ይጠይቃል።

ሁለተኛው በር ኮንትራት ነው፣ በኤጀንሲ የሚኬድበት። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ዕድሜ 18፣ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል፣ የሙያ ማረጋገጫ ይጠይቅ ነበር፤ ቪዛና ትኬት በአሠሪው፣ ፓስፖርትና የመሳሰለው በሠራተኛዋ። ወረቀቱ ላይ ርካሽ ነው። ፓስፖርት ለማውጣት ከገጠር ከተማ መመላለስ፣ ማደሪያ፣ ሥልጠና፣ ለዚህም ለዚያም "የሻይ" የሚባለው ሲደመር ግን ባለ በሬዎቹ ቤቶች ብቻ የሚወጡት ዳገት ይሆናል።

ሦስተኛው በር የምድረ በዳውና የባሕሩ ነው። ባቲ ወይም ጭፍራ፣ ቀጥሎ ሎግያ፣ ከዚያ ጅቡቲ፤ ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ የመን፣ ከየመን በእግር ወደ ሳዑዲ ድንበር። ከሦስቱ እጅግ ገዳዩ ይሄ ነው፤ ለድሃው ዱቤ የሚሰጠውም ይሄ ብቻ ነው። ደላላው ሲነሡ ገንዘብ አይጠይቅም፤ "ስትደርስ ትከፍላለህ" ይላል። የደረሱ ዕለት የመን ባሕር ዳር፣ ራስ አል-ዓራ አካባቢ፣ ግቢ ውስጥ ይዘጋባቸዋል፤ ከዚያ ለቤተሰብ ይደወላል። ልጅ እየተገረፈ የሚሰማ አባት በሬውን በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ባንክ ያላበደረውን፣ ማኅበር ያላበደረውን ገበሬ የሚያበድረው አሰቃዩ ሆነ። አንድ ወጣት አደገኛውን መንገድ ለምን መረጠ ብለን ስንገረም፣ ከመንገዶቹ ሁሉ መነሻ ካፒታል የማይጠይቀው እርሱ ብቻ መሆኑን እንረሳለን። ሂውማን ራይትስ ዎች በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2015 ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በአንድ ዓመት ከሦስት ወር ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ዘርዝሯል። ያ ሁሉ ተሰምቶ መንገዱ አልተዘጋም።

ስለ ኢኮኖሚና ፍልሰት ስንነጋገር አንድ ቁጥር መርሳት የለብንም። በ2019 ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥቶ የመን የገባውን ሰው ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት 138 ሺህ ገደማ አድርጎ ቆጥሮት ነበር። በ2020 ወደ 37 ሺህ ተኩል ወረደ። ኑሮ ተሻሽሎ ነው? በኮሮና ዓመት ሥራ ጠፋ፣ ዋጋ ናረ። የቀነሰው መንገዱ ስለተዘጋ ነው። የቀረውን ሰው ሁሉ "መቅረት የመረጠ" ብሎ መቁጠር ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ኬፕ ቨርዴን ያጠናው ዮርገን ካርሊንግ በ2002 ሳይወዱ መቅረት ብሎ ስም ያወጣለት ይህንን ነው፤ ልቡ የሄደ፣ እግሩ የቀረ።

የደቡቡ መንገድ የራሱ ጠባይ አለው። ከሆሳዕናና ከአካባቢዋ፣ ከሐዲያና ከከምባታ፣ ወንዶች በሞያሌ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ ወይም ሞዛምቢክ እያሉ ደቡብ አፍሪካ ይገባሉ፤ ጆሃንስበርግ ጄፒ ሠፈር የሐበሻ ሱቅ ተደርድሯል። ይህ የድሃ መንገድ አይደለም። የሚጠይቀው ብዙ ነው፣ የሚሰጠውም ሱቅ ነው፤ ቀድሞ የሄደው ወንድም ተከታዩን ከፍሎ ያስመጣና ሱቁ ውስጥ አሠርቶ ያስከፍለዋል። ዋጋው በነፍስም ይከፈላል፤ መጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ በአንድ የጭነት ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። ይህን ፍልሰት ያጠናው ደረጀ ፈይሳ ነገሩ በኢኮኖሚ ብቻ እንደማይገለጽ ይሞግታል፤ የፖለቲካው መገፋት አለ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ የተሰማው ወደ ደቡብ የመውጣት ትንቢት አለ። እኔ የምጨምረው ቢኖር ትንቢቱም ሒሳብ ውስጥ መግባቱን ነው። አባት መሬት አስይዞ ሲበደር አበዳሪውም የዚያው ቤተ ክርስቲያን ምእመን ነው፤ እምነት የዋስትናን ሥራ ይሠራል።

እንግዲህ ድህነት ካስቀረ፣ ብልጽግና ያስወጣል ማለት ነው? ጥያቄው ቀልድ ይመስላል፤ ኢኮኖሚስቶች ግን የሚከራከሩበት ነው። ማይክል ክሌመንስ የአገሮችን መረጃ ደርድሮ፣ የነፍስ ወከፍ ገቢ በመግዛት አቅም ተመዝኖ እስከ 10 ሺህ ዶላር ገደማ እስኪደርስ ድረስ ከአገር የሚወጣው ሰው እየጨመረ እንደሚሄድ፣ ከዚያ በኋላ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ደቡብ ኮሪያ ከ1963 እስከ 1977 ማዕድን ቆፋሪና ነርስ ወደ ምዕራብ ጀርመን ትልክ ነበር፤ ዛሬ ሠራተኛ ትቀበላለች። ጀርመን ኪል ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ የተለያዩ አገሮችን ጎን ለጎን ማስተያየትና አንድን አገር በጊዜ ሂደት መከተል አንድ አይደለም ብለው ተነሡ፤ በእነርሱ ስሌት አንድ ድሃ አገር ሲያድግ የሚወጣው ሰው ይቀንሳል። ክርክሩ አላለቀም። ከሁለቱ ይበልጥ ያሳመነኝ ክሌመንስ ነው፤ ምክንያቴ ግን ሰንጠረዡ ሳይሆን መንገዱ ነው። ሐይቅ አስፋልት ሲገባ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ስልክ ሲደርስ ልማት ነው ተባለ፤ ደግሞም ነው። ግን ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ የኮንትራቱን መስፈርት አሟላች፣ አስፋልቱ ከተማ አደረሳት፣ ስልኩ ሪያድ ካለችው አክስቷ አገናኛት። አውሮፓውያኑ በ2015 ማልታ፣ ቫሌታ ላይ ተሰብስበው የፍልሰትን "ሥር" እንነቅላለን ብለው ገንዘብ ሲመድቡ ይህን አልቆጠሩትም።

የ2013ቱ የሠራተኛ ኃይልና ፍልሰት ጥናት ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት 839 ሺህ ያህል ሰው ከአገር መውጣቱን አስቀምጧል፤ የሳዑዲ ድርሻ ከሁሉ ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ የብሩ ነገር መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ወር ሳይሞላው መቶን ዘለለ፣ ከዚያም ከ120 አለፈ። ይህ ወደ ቤት ደብተር ሲገባ እንዲህ ነው። የቤት ሠራተኛ በወር 1,000 ሪያል ታገኛለች እንበል። ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ 267 ዶላር ገደማ ይሆናል። በአሮጌው ምንዛሪ 15 ሺህ ብር አካባቢ፣ ዶላር 120 ሲገባ 32 ሺህ። ልጅቱ አንድ ተጨማሪ ሰሐን ሳታጥብ ደመወዟ እጥፍ ሆነ። እዚህ ያለችው መምህር እኅቷ ደግሞ አንድ ክፍለ ጊዜ ሳትቀር እያስተማረች ዘይቱ፣ ጤፉ፣ ኪራዩ ጥሏት ሄደ። የሁለቱ ርቀት የሰፋው ሪያድ ሀብታም ስለሆነች አልነበረም።

ነገሩ ተቃራኒ ገጽታም አለው። ደላላው በዶላር ስለሚተምን መውጫውም በብር እጥፍ ሆነ፤ ስለዚህ የምንዛሪው ለውጥ ቀድሞ ዘመድ ውጭ ያለውን ክንፍ ሲያበቅልለት የሌለውን የበለጠ አሰረው። በሐዋላ የሚላክለት ቤት ሁለተኛ ሰው ይልካል፤ የማይላክለት የመጀመሪያውንም አይችልም።

አሁን ወደ መቅረት። በዚህ ርዕስ ከሚጻፈው አሥር ገጽ ዘጠኙ ስለሚሄደው ነው፤ የሚበዛው ሕዝብ ግን ቀሪው ነው። ምን ያስቀረዋል?

መሬት፣ ይባላል። የካቲት 1967 የታወጀው አዋጅ መሬትን ለአራሹ ሰጠ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ። ባለ ይዞታው ሽጦ መሄድ አይችልም፤ ትቶ ቢሄድ ደግሞ ሰው እንዳይይዝበት ይፈራል። ስለዚህ ይዞታ ያስቀራል። ግን ማንን? አባትን። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ያልተወለደ ዛሬ ባለ ትዳር ሊሆን ይችላል። የአባቱ ሁለት ጥማድ ለአምስት ወንድማማች ሲከፈል ለአንዱ የሚደርሰው መቃብር ሊያህል ምን ቀረው? ሶስና በዙና ስታይን ሆልደን በደቡብ ኢትዮጵያ ያጠኗቸው የገጠር ወጣቶች ውስጥ እርሻን መተዳደሪያዬ አደርጋለሁ ያለው 9 በመቶ ብቻ ነበር። "የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ" ብሎ የሚመክር ባለሥልጣን ሰርዶው የትኛው ማሳ ላይ እንዳለ ቢያሳይ ደግ ነበር።

ሴፍቲኔት የሚባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ከ1997 ጀምሮ የምግብ ክፍተቱን እየደፈነ ብዙ ቤት እንዳይበተን አድርጓል። የጆን ሆዲኖት ቡድን ተጠቃሚ ቤቶች ውስጥ ልጃገረዶች ሳይዳሩ፣ ሳይሄዱ ቤት መቆየታቸው መጨመሩን አይቷል። ትንሽ ገንዘብ ሳይቀር ሲመጣ ሰው ያስቀራል። ያስቀራቸው ከመጠኑ ይልቅ አለመቅረቱ ይመስለኛል።

ፋብሪካው ግን ሰው ማስቀረት አቃተው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ እስከ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር። በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች የመነሻ ደመወዙን 26 ዶላር በወር አድርገው አገኙት፤ በዓለም ልብስ ሰፊዎች መካከል ዝቅተኛው። የግል ድርጅት ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሕግ አልነበረም። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኛውን በሙሉ የመተካት ያህል ይቀያይሩ ነበር። አሠሪዎቹ "የሥራ ባህል የለም" ይሉ ነበር። እኔ የልጆቹን ሒሳብ ነው የማየው፤ አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተው፣ ሽሮ በየተራ ሠርተው፣ ወር ሲሞላ ለቤት የሚላክ ካልተረፈ መቅረቱ ለምን? ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ይህን ከሐዋሳ በፊት አይተውታል። በአምስት ድርጅቶች ሥራ ከጠየቁ ወደ አንድ ሺህ ከሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ለአንዳንዱ በዕጣ ሥራውን ሰጡ፣ ለአንዳንዱ 300 ዶላርና አጭር የንግድ ሥልጠና፣ የቀሩትን እንዳሉ ተዉ። ፋብሪካ ከገቡት ሲሶው ገደማ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው በዓመቱ ለቀዋል። ገቢያቸው ካልተቀጠሩት አልበለጠም፤ ጤናቸው ግን ተጎድቷል። 300 ዶላር የያዙት በአንድ ዓመት ገቢያቸው በሲሶ ጨመረ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ሦስቱም ቡድኖች እኩል ሆነው ተገኙ፤ የገንዘቡም ጥቅም ተኖ ነበር። ተስፋ የሚያስቆርጥ ውጤት ነው፤ ግን ሐቀኛ ነው። ታኅሣሥ 2014 ላይ ዕቃን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚያስገባው የአጎዋ ዕድል ሲቆም ከሐዋሳ የወጡት ፋብሪካዎችም ልጆቹን "በአገራችሁ ሥራ አለላችሁ" ያልናቸውን ቃላችንን ይዘው ነው የወጡት።

መንግሥት በአሥር ዓመት ውስጥ አቋሙን ገልብጦታል። ጥቅምት 2006 ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድን ከለከለ፤ ብዙም ሳይቆይ ሳዑዲ ማባረር ጀምራ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ቦሌ አራገፈች። የኮንትራቱ በር ሲዘጋ የባሕሩ በር ሰፋ፤ ከተመለሱትም ብዙዎቹ ዞረው ሄዱ። 2010 ላይ እገዳው ተነሣ። በ2015 ግማሽ ሚሊዮን የቤት ሠራተኛ ወደ ሳዑዲ ለመላክ በየክልሉ ምልመላ ተጠራ። ዶላር የቸገረው አገር እንደ ቸገረው ቤተሰብ ሴት ልጁን ላከ።

በየወረዳው የሚካሄደው "ግንዛቤ ማስጨበጫ" ግን ሳይለወጥ ቀጥሏል፤ ፖስተር፣ ድራማ፣ የተገረፈ ጀርባ ፎቶ። መነሻው ወጣቱ አደጋውን አያውቅም የሚል ነው። ጋምቢያ ውስጥ በኋላ በር አውሮፓ ለመግባት በሚያስቡ ወጣቶች ላይ የተሠራ ጥናት ወጣቶቹ በመንገድ የመሞትን ዕድል ከእውነተኛው አልፈው እንደሚገምቱት አግኝቷል። እየገመቱ ነው የሚሄዱት። ሚያዝያ 2007 ሊቢያ ባሕር ዳር የታረዱትን ወንድሞቻችንን ያላየ ማን ነበር? ለቅሶው ሳይበርድ የሄዱ አሉ። ስለ ሞት ለማያውቅ ሰው የሚነገረውን፣ ስለ ሞት አብዝቶ ለሚያውቅ ሰው እየነገርን ነው።

ወደ ቡናዋ ልመለስ። ሁለተኛው ሲቀዳ ታናሽ እኅትየዋ ገባች፤ ውኃ ቀድታ፣ ጀሪካኑን በር ላይ አሳርፋ። አልሄደችም። እናቲቱን ያነሣችና ያስተኛች፣ የእኅቷን ልጅ ያሳደገች፣ ቆርቆሮው ሲመታ ለአናጺዎቹ እንጀራ የጋገረች፣ ላሟን የምታልብ እርሷ ናት። ለትዳር የጠየቋት ሁለት ነበሩ፤ እናትን ለማን ትታ? ደብተሩን እንደገና ገለጥኩት። የአጎት አለ፣ የአራጣው አለ፣ የባጃጁ አለ፣ የልስኑ አለ።

"የእሷስ የታለ?" አልኳት ታላቂቱን።

"የእሷ የምን?"

"የእሷ ድርሻ።"

ሁለቱም ተያዩና ሳቁ። "እሷማ እዚሁ ናት'ኮ፣ ወንድሜ" አለችኝ፣ ደብተሩን ከእጄ ወስዳ ለልጁ እየመለሰች። ልጁ የሰባትን ማባዛት አልጨረሰም ነበር።